አመድና አጥንት፦ የእሳት ዘመን ሁለት ምስክሮች

«እሳት አመድ ወለደ» ይላል የአገሬው ሰው። ብርቱው አባት ደካማ ልጅ ሲተካ፣ ከታላቅ ሥራ በኋላ ከንቱ ነገር ሲከተል የሚሰነዘር ነቀፋ ነው። በዚህ አባባል ውስጥ እሳት የኃይል፣ አመድ የውድቀት ምሳሌ ሆነው ይቀርባሉ። የምድርን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ፍርዱ ይገለበጣል። እሳቱ ይነዳል፣ ያስደነግጣል፣ ያልፋል። አመዱ ግን ይቀራል፤ የሸፈነውን ይጠብቃል፤ መርማሪ ሲያገኝም ስለ ጠፋው እሳት ቃሉን ይሰጣል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ይህን ምስክር በየቀኑ ይረግጠዋል። ፋብሪካዎቹ፣ መጋዘኖቹና የመኖሪያ ሠፈሮቹ የተተከሉት በክረምት ጫማ ከሚይዘው ከጥቁሩ መረሬ አፈር ሥር በተንጣለለ የእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ነው። ጥቁሩና ጠንካራው ድንጋይ ባዛልት ይባላል፤ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ነገር ሲቀዘቅዝ የረጋ ነው። ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀዩና ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ደግሞ ከእሳተ ገሞራው አፍ ወደ ሰማይ ተረጭቶ በዙሪያው የተከመረ ነው። የካባ ሠራተኞች በድጅኖና በመዶሻ፣ በኋላም በማሽን እየፈለጡ ለቤት መሠረትና ለመንገድ ያወጡታል። ከዚያው ከስንጥቃማው ዓለት ውስጥ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚታደል የጉድጓድ ውኃ ይቀዳል። የአቃቂ ድንጋይ ለከተማይቱ መሠረትም እንስራም ሆኗል ማለት ይቻላል።

ይሁንና ድንጋዩ ተፈልጦ፣ ውኃው ተቀድቶ፣ ቤቱ ቆሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለመሆኑ ይህ እሳት የነደደው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1979 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የአዲስ አበባን አካባቢ ዓለቶች ዕድሜ ለክቶ አንድ ሥርዓት አሳየ። ከከተማይቱ ሰሜን ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ በተወረደ ቁጥር የዓለቱ ዕድሜ እያነሰ ይሄዳል። የእንጦጦ ዓለት 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆነው፣ የአቃቂ ባዛልት ዕድሜ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። የቢሾፍቱን ሐይቆች ያቀፉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ከእንጦጦ ወርዶ በአቃቂ አልፎ ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሳያውቀው ከጥንቱ እሳት ወደ ቅርቡ እሳት ይሻገራል።

ድንጋይ የልደት ቀኑን በፊቱ ላይ ጽፎ አይወለድም። እንዲህ ያለው ዕውቀት የተገኘው ሁለት የተፈጥሮ ሰዓቶችን ማንበብ ስለ ተቻለ ነው። አንደኛው ሰዓት ያለው በአጥንት፣ ሁለተኛው በአመድ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ሰዓቶች

አጥንትን የሚያናግረው ዘዴ ሬዲዮካርቦን ይባላል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የደረሱበት ሲሆን፣ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1960 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከአየሩ ናይትሮጅን ካርቦን-14 የተባለውን የማይረጋ የካርቦን ዓይነት ይፈጥራል። ዕፀዋት ከአየር ይወስዱታል፤ እንስሳ ሣሩን ይግጣል፤ ሰውና አውሬ የእንስሳውን ሥጋ ይበላሉ። ፍጡሩ በሕይወት እስካለ ድረስ የጎደለው ይተካል። በሞተ ዕለት ግን ማዕዱ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ካርቦን-14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በኮላጅን፣ ማለትም አጥንትን አንድ አድርጎ በሚይዘው ፕሮቲን ውስጥ የቀረውን የለካ ሰው እንስሳው ከሞተ ስንት ዘመን እንዳለፈው ያሰላል። ውጤቱንም ዓመታቸው በተቆጠረ የዛፍ ቀለበቶች እያመሳከረ ያርመዋል።

እሳተ ገሞራ አይበላም፤ አይሞትም፤ ኮላጅን የለውም። ታዲያ የበሬ ወይም የአጋዘን አጥንት ስለ እሳተ ገሞራ ቀን እንዴት ይመሰክራል? መልሱ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነው። ከአመድ ንብብር ሥር የተገኘ አጥንት እሳቱ ከመፈንዳቱ በፊት የሞተ እንስሳ ነው፤ ከንብብሩ በላይ የተገኘው ከፍንዳታው በኋላ የኖረ ነው። የሁለቱ ዕድሜ ከታወቀ የእሳቱ ቀን በመካከላቸው ተከቦ ይያዛል። እንስሳው በአመዱ ታፍኖ የሞተ፣ ዛፉም በትኩሱ አመድ የከሰለ ከሆነ ደግሞ ምስክርነቱ የዕለቱ ነው። በኤጅያን ባሕር የሳንቶሪኒን ደሴት ያፈረሰው ታላቅ ፍንዳታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ደረሰ የሚለው ስሌት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት የተደገፈው በአመዱ ውስጥ ተቀብሮ በተገኘ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ነበር። ይህም ውጤት ከግብፅ ነገሥታት የዘመን ቁጥር ጋር አልገጥም በማለቱ ብዙ አከራክሯል።

ምስክሩ ግን ሊሳሳትም ይችላል። ጎርፍ የጥንት አጥንት ጠርጎ በአዲስ ደለል ውስጥ ይቀብራል። ከእሳተ ገሞራ አፍ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን-14 ስለሌለው፣ በአጠገቡ የበቀለ ሣርና ሣሩን የጋጠ እንስሳ ከዕድሜያቸው በላይ ያረጁ መስለው ይታያሉ። ሙቀትና እርጥበት ኮላጅኑን ያጠፉታል። ከሁሉም በላይ ሰዓቱ ወሰን አለው። ካርቦን-14 ዐሥር ጊዜ በግማሽ ከቀነሰ በኋላ ከመጀመሪያው አንድ ሺሕኛ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አጥንቱ ዝም ይላል። ለሚሊዮን ዓመታቱ የአቃቂ ባዛልት ይህ ሰዓት የማይደርስበት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት የሚጀምረው የመጀመሪያው ከሚቆምበት ነው። በእሳተ ገሞራ ማዕድናት ውስጥ የሚገኘው ፖታስየም-40 እጅግ በዝግታ፣ በ1,250 ሚሊዮን ዓመት በግማሽ እየቀነሰ፣ በከፊል አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ቀዝቅዞ ሲረጋ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ሰው ድንጋዩ የቀዘቀዘበትን ዘመን ያውቃል። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። አጥንቱ ስለ አመዱ መመስከሩ ይቀርና አመዱ ስለ አጥንቱ ይመሰክራል።

በአዋሽ ዳር የቆመ ቀን

የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። ከመገናኛው ሽቅብ አዋሽን ይዞ የሄደ ሰው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኔዘርላንዳዊው የውኃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መርቷል። ኋላም የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ሥራውን ተረክበው ቀጠሉ። መልካ ቁንጡሬና የባልጩት ድንጋይ መገኛ የሆነችው ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

በመልካ ቁንጡሬ ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ የተገኘው አንድ ንብብር ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የተለየ ትርጉም አለው። በጥንት ዘመን በዚያ ውኃ ያቆረ ረግረግ ነበር። ሰዎች የጉማሬ ሬሳ በድንጋይ መሣሪያ በልተዋል፤ መሣሪያውንም እዚያው ጠርበዋል። በጭቃው ላይ የአዋቂዎችና የትንንሽ ሕፃናት የእግር አሻራ፣ የአራዊትና የወፎችም ኮቴ ታትሟል። በላዩ የእሳተ ገሞራ አመድ ወረደበት። አመዱ ሲረጋ ያ ቀን ከነኮቴው ታተመ። በአመዱ ውስጥ ያለው የአርጎን ሰዓት ሲነበብ 700,000 ዓመት ገደማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ግኝት ሲታተም ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው የልጆቹ አሻራ ነበር። ጉማሬው በሚቆረጥበት፣ ድንጋዩ በሚጠረብበት የሥራ ቦታ ሕፃናት አብረው ነበሩ። ልጅ ሥራን በማየት የሚማርበት ልማድ ምን ያህል ሩቅ ሥር እንዳለው ለመምህር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አጥንቱና አሻራው ብቻ ቢገኙ ኖሮ «ጥንታዊ» ከማለት የተሻለ ነገር ሊባል ባልተቻለ ነበር። አመዱ ብቻ ቢገኝም የአንድ እሳት ዕድሜ ይታወቅ እንደሆነ እንጂ ማን በሥሩ እንደ ነበረ አይታወቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ቀን ያለው ታሪክ ሆነ።

አመዱን የረቱት አሳማዎች

በአገሩ ሸንጎ ነገር የሚጸናው በሁለትና በሦስት ምስክር ነው። አንድ ምስክር ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የምድር ታሪክ መርማሪዎች ይህን ደንብ በብርቱ ክርክር የተማሩት በኦሞ ሸለቆና በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በታችኛው ኦሞ የኢትዮጵያን የጥንት ንብብሮች የሚመረምር ዓለም አቀፍ ቡድን ሥራ ጀመረ። ከፈረንሳይ ካሚ አራምቡርና ኢቭ ኮፓንስ፣ ከአሜሪካ ክላርክ ሀውል፣ ከኬንያ ሪቻርድ ሊኪ ተሳተፉበት። ሹንጉራ በተባለው የኦሞ ሥፍራ የአመድ ንብብሮች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ስለ ተገኙ ተመራማሪዎቹ በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል ስም ሰጧቸው። በየአመዱ መካከል የዝሆን፣ የጉማሬ፣ የአሳማና የሌሎች እንስሳት ቅሪት አካል በብዛት ነበር። የአመዶቹ ዕድሜ ስለ ተለካም የትኛው እንስሳ በየትኛው ዘመን እንደ ኖረ በቅደም ተከተል ታወቀ።

በዚያን ጊዜ ሪቻርድ ሊኪ ፊቱን ወደ ኬንያው ኩቢ ፎራ አዙሮ ነበር። በዚያ ኬቢኤስ የተባለው አመድ በእንግሊዝ አገር ተለክቶ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኬንያዊው ቅሪተ አካል ፈላጊ በርናርድ ንጌኔዮ ከዚያ አመድ ሥር ካለው ንብብር አንድ የራስ ቅል አገኘ፤ በመዝገብ ቁጥሩ 1470 ተብሎ የታወቀው ነው። አመዱ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ከሆነ፣ ከሥሩ የተገኘው ትልቅ አንጎል ያለው ፍጡር ከዚያም ይበልጣል ማለት ነው። የሰው ዘር የትውልድ ሐረግ እንደገና መጻፍ ያለበት መሰለ።

ይህን የተቃወሙት አሳማዎች ናቸው። የአሳማን ቅሪት አካል በልዩ ጥንቃቄ ያጠኑት ቤዚል ኩክ፣ የአንዳንዶቹ ወገኖች ሦስተኛ የመንጋጋ ጥርስ በዘመናት ውስጥ እየረዘመ መሄዱን ከኦሞ ንብብሮች ተረድተው ነበር። ጥርሱን የለካ ሰው ዘመኑን መገመት ይችላል። ከኬቢኤስ አመድ ሥር የወጡት አሳማዎች ሲመረመሩ በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካላቸው አሳማዎች ጋር ገጠሙ። ያን ያህል ከተራራቁ ዘመናት አንድ ዓይነት ጥርስ ሊገኝ አይችልም። አንድም አሳማዎቹ ተሳስተዋል፣ አንድም የአመዱ ሰዓት።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በበርክሌይ የጋርኒስ ከርቲስ ቤተ ሙከራ አመዱን ደግሞ ሲለካው ያነሰ ዕድሜ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፍራንክ ብራውንና ባልደረቦቹ የአመዱን ኬሚካላዊ ቅንብር መርምረው ኬቢኤስ በኦሞ ሹንጉራ ከታወቀው ኤች-2 ከተባለው አመድ ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአውስትራሊያው ኢያን ማክዱጋልና ሌሎችም በጥንቃቄ ለክተው 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ነገሩን ዘጉት። አሳማዎቹ ረቱ። የኦሞ አጥንት የኬንያን አመድ አረመ። በአፍሪካ ምድር አጥንት ስለ እሳተ ገሞራ ቀን ከሰጠው ምስክርነት ሁሉ ይህ ይልቁን የሚጠቀስ ነው።

አመዱም በተራው አጥንቱን ማረሙ አልቀረም። በዚያው በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት አካል እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት 195,000 ዓመት ተብሎ ነበር። በ2022 የኢትዮጵያ ምሁራን ጭምር የተሳተፉበት ጥናት ከአጥንቱ በላይ ያለውን አመድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ታላቅ ፍንዳታ ጋር አዛመደው፤ የሻላ ፍንዳታ ዕድሜ 233,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ስለ ተገኘ ከሥሩ ያለው ሰው ከዚያ የቀደመ መሆን አለበት። ስለ ስምጥ ሸለቆና ስለ መካከለኛው አዋሽ የእሳተ ገሞራ ንብብሮች ያለው ዕውቀት እንዲሰፋ እንደ ጊዳይ ወልደ ገብርኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን የሥነ ምድር ሊቃውንት ያበረከቱት ድርሻም ታላቅ ነው።

የቅርቡ እሳት

የሩቁ ዘመን የአርጎን ሰዓት ግዛት ነው። ከ50,000 ዓመት ወዲህ ያለው እሳት ግን ዳግመኛ ወደ ሬዲዮካርቦን ይመለሳል። ይህ ዘመን ለዛሬው ሰው ይልቅ የሚገደው ነው፤ ትናንት የነደደ እሳት ነገ ሊነድ ይችላልና።

በሐዋሳና በሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ከትልልቅ ፍንዳታዎቹ አንዱን ያካሄደው ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ የታወቀው በሬዲዮካርቦን ነው። በአካባቢው ሐይቆች ወለል ደለል ውስጥ የተደራረቡትን አመዶች የቆጠረና ደለሉን በሬዲዮካርቦን የለካ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ኮርቤቲ ባለፉት ዐሥር ሺሕ ዓመታት ገደማ ውስጥ በአማካይ በየ900 ዓመቱ ያህል መፈንዳቱን ገመተ። አማካይ ቁጥር ቀጠሮ አይደለም። ነገር ግን በተራራው ሥር ከተማ ለሚሠራ፣ የእንፋሎት ኃይል ለሚቆፍር፣ ትምህርት ቤት ለሚተክል ሕዝብ ማወቁ ግድ ነው።

አጥንት በዚህ ዘመን ምስክርነት ውስጥ የሚገባው ከተጠበቀ ብቻ ነው። በቆላው ሙቀት ኮላጅኑ ቶሎ ይጠፋል፤ በደጋው ብርድና በዋሻ ጥላ ግን ይቆያል። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ገደማ አጽም እ.ኤ.አ. በ2015 የዘር ውርስ ቅንጣቱ ሳይቀር ለመነበብ የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። በቅዝቃዜ የቆየ አንድ አጥንት በቆላ ከተገኙ ብዙ አጥንቶች ይልቅ ሊናገር ይችላል።

በሰው ዕድሜ ውስጥም እሳቱ አልበረደም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፈንታሌ ሥር ቅላጭ ፈስሷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአፋር ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። ያን ዕለት በአፋር ሜዳ ላይ የወረደው አመድ ከዘመናት በኋላ ለሚመጣ መርማሪ የዛሬን ኮቴና የዛሬን የከብት አጥንት ይጠብቅለታል።

ከካባው አፍ

ይህ ሁሉ ነገር ወደ አቃቂ ይመለሳል። የአቃቂ ባዛልት ለሬዲዮካርቦን እጅግ የቆየ ነው። በላዩ ላይ ያረፈው አፈርና ደለል ግን ከዓለቱ እጅግ ያነሰ ነው። የአጥንት ቦታውም በዓለቱ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ድርብርብ ውስጥ ነው። ከተማይቱ ወደ ደቡብ በሰፋች ቁጥር መሠረት ይቆፈራል፣ ቦይ ይወጣል፣ ኮረብታ ይናዳል። ማንም ሳይወቅሰው አንድ የታሪክ ገጽ በገልባጭ መኪና ተጭኖ የመንገድ መሙያ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ከንብብሩ የወጣ አጥንት ግን ዳግመኛ ወደ ቦታው አይመለስም። ቦታውን ያጣ አጥንት ምስክርነቱን አጥቷል፤ በየትኛው አመድ ሥር፣ ከየትኛው ደለል በላይ እንደ ነበረ የሚናገርለት የለምና።

ስለዚህ የመጀመሪያው መርማሪ ፕሮፌሰሩ ሳይሆን ድጅኖውን የያዘው ሠራተኛ ነው። ኩቢ ፎራ ላይ የራስ ቅሉን ያየው የንጌኔዮ ዓይን ነበር፤ ቁጥሩና ክርክሩ ከዚያ በኋላ መጣ። በቁፋሮ መካከል ያልተለመደ አጥንት ወይም የተጠረበ ባልጩት ሲታይ ሥራውን ገታ ማድረግ፣ ግኝቱን አለማጠብና ከቦታው አለማንሣት፣ ጥልቀቱንና ከአመዱ በላይ ወይም በታች መሆኑን መጻፍ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅ ብዙ ድካም የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታና በማዕድን ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዝዛል። ሕጉ የሚሠራው ግን ካባ ያለበት ሰው ሁሉ ሲያውቀው ነው። መምህር ተማሪዎቹን ወደ ተቆረጠው ኮረብታ ወስዶ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ግራጫውን ንብብር ቢያስቆጥራቸው መጽሐፍ የማይሰጠውን ትምህርት ይሰጣቸዋል። ሠዓሊም በዚያ ቁርጥ ግድግዳ ላይ የሚያየው ቀለም እሳትና ዘመን አብረው የቀቡት ነው።

«እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ነቀፋ በሰዎች መካከል እንዳለ ይቆይ። በጎምቦሬ ግን የአዋቂውን ሥራና የሕፃኑን ኮቴ 700,000 ዓመት ጠብቆ ያስረከበው እሳቱ ሳይሆን አመዱ ነው። አቃቂ ላይ ነገ ማለዳ ካባው ሲከፈት፣ ድጅኖው ከአመድና ከአጥንት ጋር ሲገናኝ፣ እጁን የሚገታና ዝቅ ብሎ የሚያይ አንድ ሰው መኖር አለበት።